በቨርዱን ጫካ «ሩጪ!» ስትለኝ

ውድ ኮራንታን፣

ከቨርዱን ከተመለስን ወዲህ ደጋግሜ ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። እናትህ «ደህና ነው፣ ማውራት ግን አይፈልግም» አሉኝ። ስለዚህ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ አልወደድኩህም። አንተ ከብሬስት፣ እኔ ከኪል፤ የፈረንሳይና የጀርመን ተማሪዎች አንድ አውቶቡስ ላይ ታጭቀን ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ልንማር የጦር ሜዳ ወደነበረው ቨርዱን ሄድን። መድፍ የቦዳደሰውን፣ ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ያቆረበትን ሜዳ ስናይ «ይኸውልሽ፣ ቅድመ አያቶችሽ የቆፈሩልን መዋኛ!» ብለህ ጓደኞችህን አሳቅህብኝ። እኔም «ያንተዎቹስ እጃቸውን አጣጥፈው ነበር እንዴ የተቀመጡት?» አልኩህ።

በማግስቱ ጫካው ውስጥ አስጎብኚያችን ሙሴ ጎብለ «ከመንገዱ እንዳትወጡ፤ ምንም ነገር እንዳትነኩ» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። አንተ ግን ቅጠል ሥር የዛገ ነገር አየህና «ጠርሙስ ነው» ብለህ አነሳኸው። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ጭቃውን በአውራ ጣትህ ስትጠርገው ፊትህ አመድ መሰለ። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ነበር።

«ቪብከ…» አልክ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያህ ነው።

ሙሴ ጎብለ ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ እንዳትጥለው። እንዳትነቃነቅ። ፈንጂ አምካኞቹን ጠርቻለሁ፤ እየመጡ ነው። አንቺ ደግሞ ቀስ ብለሽ ወደኔ ነይ።» ከዚያ ሌሎቹን ለማራቅ ሄዱ።

«ሩጪ!» አልከኝ። «ምን ያገትርሻል፣ ሩጪ እንጂ!»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አፍህ ሂጂ ይለኛል፣ ዓይንህ ግን አትሂጂ ይለኝ ነበር። ተመለስኩ።

«አብደሻል እንዴ?»

«ዝም በል! እጅህን ብቻ አጥብቅ።»

ክንድህ ዝሎ ሲንቀጠቀጥ መዳፌን ከመዳፍህ ሥር አደረግኩ። ብረቱ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ፍርሃቱ እንዲያልፍልህ አውቶቡስ ላይ ፎቶውን ስታሳይ ስለነበረው ውሻህ አውራኝ አልኩህ፤ አወራኸኝ። አንዱንም አልሰማሁም።

ሰዎቹ ደርሰው ብረቱን ከእጃችን ሲቀበሉ፣ ጢማሙ ሰውዬ ጎኑን አየና «የኛው ነው፣ የፈረንሳይ» አለ። ሳቅህ። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እኔም ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ።

እዚህ ሰዉ ሁሉ ጀግና ይለኛል። ኮራንታን፣ አሁንም በር ጓ ባለ ቁጥር መዳፌ በረዶ ይሆናል። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ላንተ የምነግርህ ያንተም እንደዚያ ሳይሆን እንደማይቀር ስለገባኝ ነው።

በሚመጣው ሚያዝያ ከኛ በታች ያሉት ተማሪዎች ወደ ቨርዱን ይሄዳሉ። ሁለታችን አብረናቸው እንድንሆን ተጠይቀናል። መምህሬ «ማንም አያስገድድሽም» ብላኛለች። እኔ ግን እሺ አልኩ፤ ካልኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለም። ልጆቹ ከአስጎብኚ ይልቅ ከኛ አፍ «አትንኩ» ቢባሉ ይሰሙ ይሆናል ብዬ ነው። ብቻዬን ግን ያን ጫካ አልገባም። ውለታ ላስመልስህ አይደለም፣ ስለምፈራ ነው።

እምቢ ካልክም አልቀየምህም። ብቻ እምቢታህን በስልክ እንዳትልክብኝ፤ በእጅህ ጻፈው። እጅህ መንቀጥቀጡን ትቶ እንደሆነ ከፊደሎችህ ልየው።

አብራህ የፈራችው፣
ቪብከ