የአመለኛዋ አራት ብሎኖች

እሑድ፣ ሚያዝያ 12 ቀን

ለባለቤቴ፣ ቀኑን ሙሉ ነድቶ የትም ለማይደርሰው፣

እንዴት ከረምክ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። እናትህን ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አፋቸው እንደ ድሮው ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ሞተር አውርዳ የምትገጥም ሴት ቧንቧ አልሠራም ብላ ተቀምጣለች እያሉ ለጎረቤት ያሙኛል። እኔም ደህና ነኝ። ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ጥቁር አሻራ የአውራ ጣቴ ነው። ይቅርታ አልጠይቅህም፣ በሳሙና ሁለቴ ታጥቤ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ሜካኒክ ያገባ ሰው ንጹሕ ደብዳቤ አይመኝም።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጎማ የምትሞክርለት ድርጅት ውሉን እናድስ እንዳለህ ትነግረኛለህ፤ ቀጥለህ ዝናቡ አላቆም ብሏል ትላለህ፤ ቀጥለህ «አመለኛዋን ሽጪያት፣ ቆማ ከምትበሰብስ ሰው ይንዳት» ትላለህ፤ ከዚያ «እማዬን ሳሚልኝ»። እናትህን ስሜልሃለሁ። ዝናቡን ምንም ላደርገው አልችልም። መሃል ላይ የወረወርካትን ነገር ግን እንነጋገርባት።

ሁለት ዓመት ብለህ ሄድክ፣ ይኸው አራተኛው ሊያልቅ ነው። እስከዛሬ ሽጪ ያልከኝን ሁሉ ሸጫለሁ፤ ሶፋውን፣ ሞተር ብስክሌቱን፣ ያንን ካሴት የሚበላ ቴፕህንም። አንዱም አላስለቀሰኝም። አመለኛዋ ግን ሌላ ናት። ከተጣለ ብረት መሃል አብረን ያነሳናት፣ በዳገት ውድድር አንተ መሪ ይዘህ እኔ ከጎንህ ኩርባውን እየነገርኩህ የወጣንባት መኪና ናት። እሷን ሽጪ የሚለኝ ሰው አልመለስም እያለኝ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ተሳስተሻል በለኝ።

የሆነ ሆኖ እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ። ሽጪ ካለኝማ ብዬ በሳምንቱ ገዢ አገኘሁ። ከፋርማሲው ፎቅ ላይ የሚሠራው የጥርስ ሐኪም ነው፤ በር የሚጠበው ግዙፍ ሰውዬ፣ ጠባዩ ግን ለስላሳ። ልንሞክራት ወጣን። ከውሃ ማማው ወዲያ ያለው ኩርባ ላይ ስንደርስ ኋላዋ ወዲያና ወዲህ ዋለለ። ሐኪሙ ፍጥነቱን ቀነሰና፣ «እህቴ፣ ይቺ መኪና ጭራዋን ትቆላለች እንዴ?» አለኝ። እዚያ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አፈርኩ፤ ከእኛ ጋራዥ ጭራዋን እየቆላች የምትወጣ መኪና የለችም።

ክሪክ አስገብቼ አነሳኋት። የኋላ እግሮቿን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ጫፍ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች፣ መሃላቸው ብረት ያለባቸው የጎማ ቀለበቶች፣ አልቀዋል። ጎማው ተሰነጣጥቆ፣ መሃሉ ያለው ብረት እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ለሐኪሙ እንዲህ ብዬ ስነግረው ወዲያው ገባው፤ «ይነቀል» አለኝ።

የድሮውን ዓይነት መልሼ ልክተት ነበር። ከዚያ መሄዷ ካልቀረ አምሮባት ትሂድ ብዬ ለውድድር የሚሠራውን ጠጣሩን አስመጣሁ፤ አንተ ሁልጊዜ «አንድ ቀን እናደርግላታለን» የምትለውን። ከተማ ውስጥ እያንዳንዷን ጠጠር ወገብህ ይሰማታል፣ ኩርባ ላይ ግን ኋላዋ ንቅንቅ አይልም። ሳጥኑን ስከፍት «መጣልህ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጋራዡ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

አሮጌዎቹን ገፍቶ የሚያወጣ ፕሬስ ያለው ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ጭምቱን ታስታውሰዋለህ፣ ያንን ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣውን በያጅ። ዝገቱ አልለቅ ብሎ ሲያስጨንቀን ቆየና ድው ሲል ጭምቱ «ለቀቀ» አለ። በዚያው የዕለቱን ንግግር ጨረሰ።

አዲሶቹን እንደ ልማዳችን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኳቸው፣ ብረታቸው በብርዱ ኩምትር ብሎ በቀላሉ እንዲገባ። እናትህ ጠዋት ሥጋ ሊያወጡ ከፍተው በፌስታል የተጠቀለለውን አገኙ። «ይሄ ደግሞ የምን ኩላሊት ነው?» ይሉኛል። «የጣውንቴ ነው» አልኳቸው። መኪናዋን ጣውንትሽ ማለት የጀመሩት ራሳቸው ናቸውና ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ሳቁ። ከዚያ፣ «የምትሸጫት ከሆነ ለምን ታሳምሪያታለሽ?» አሉ። ድንች መላጥ ጀመርኩ።

ሁሉም ገባ። አንዱን አዙሬ አስገብቼው ነበር፤ ጎሚኒው ላይ ያለው ክፍተት ወደ ፊት መሆን ሲገባው ወደ ጎን አደረግኩትና ጭምቱ በዝምታ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ፣ መልሰን አወጣነው። ከዚያ ብሎኖቹን በእጄ ብቻ አስገብቼ፣ አመለኛዋን የጋራዡ ጉድጓድ ላይ በአራት ጎማዋ አቆምኳት።

እዚያ ማሽኑ ሁሉን ስለሚሠራላችሁ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። እግሯ ተንጠልጥሎ ብሎን አይታሰርም። ተንጠልጥላ ከታሰረች፣ መሬት ስትረግጥ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሳይነዷት እንኳ፣ ቆማ እያለች፣ ውስጥ ውስጡን ይቀደዳል። የምትታሰረው በጎማዋ ቆማ፣ ነጂዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በእሱ ክብደት ልክ ነው። ሌላው ጋራዥ ስለ ነጂው ክብደት አይጨነቅም፤ ይሄ የእኛ ወግ ነው። አንተ ትቀመጣለህ፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ አራቱን አስራለሁ። አንዳንዴ እኔንም ተንጠልጥዬ ሳለሁ አስረኸኝ የሄድክ ይመስለኛል።

ወንበሩን ሳጸዳ ከስሩ የለውዝ ቅርፊት አገኘሁ። ያንተ ነው። ተቀምጠህ ለውዝ ትፈለፍላለህ፣ መሪውን በጣትህ ትደበድባለህ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሸበትኩ እኮ፣ አልጨረስሽም?» ትለኛለህ። ድምፅህ በወለሉ በኩል ነው የሚመጣልኝ። «አንተ እየተንቀሳቀስክ እኔ እንዴት ልጨርስ?» እልሃለሁ። ብሎኑ ታስሮ ካለቀ በኋላም ቁልፉን እያንኳኳሁ ዝም ብዬ የምቆይበት ጊዜ ነበር፤ አላወቅክብኝም እንጂ። ቅርፊቱን አልጣልኩትም። ቱታዬ ኪስ ውስጥ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ መጣ። በዋጋው ተስማምተናል፣ የቀረው ማሰር ብቻ ነበር። «ዶክተር፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጡልኝ» አልኩት። ተቀመጠ፣ አመለኛዋም ወረድ አለች። ጉድጓድ ገባሁና ቁልፉን የመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳረፍኩ። ከላይ «እህቴ፣ እንዲህ ቀጥ ልበል ወይስ ደገፍ?» አለኝ። ጨዋ ድምፅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን በወለሉ በኩል የመጣው ድምፅ ያንተ አልነበረም። ክንዴ ቁልፉን አልገፋም አለ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና እምቢ። ከዚያ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ በዘይታም እጄ ዓይኔን እየጠረግኩ።

«አለቀ?» አለኝ።

«አላለቀም። ይውረዱልኝ፣ ዶክተር።»

ወረደ፣ እኔም ወጣሁ። ፊቴን ትንሽ ተመለከተና፣ «ጥርስ ሲነቀል የሚያለቅስ ዐውቃለሁ፣ ብሎን ሲታሰር የሚያለቅስ ግን ዛሬ ነው ያየሁት» አለኝ። ሳልወድ በግዴ አሳቀኝ። ባለቤቴን ልጠይቀውና ልንገርዎት አልኩት። «ስለ መኪናዋ ነው ስለ እሱ?» አለኝ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። እስከ ወሩ መጨረሻ እታገሳለሁ ብሎ በእግሩ ወደ ፋርማሲው ሄደ።

እናትህ በመስኮት ሲያዩን ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና በሩን ከፍተው ከመሪው ጀርባ ተቀመጡ። አመለኛዋ ወፍ ያረፈባት ያህል እንኳ አልተሰማትም።

«በእኔ እሰሪው» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ይቀላሉ።»

«የወለድኩት እኔ ነኝ። የእሱ ኪሎ ከእኔ ነው የወጣው።»

ይህን ብለው መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። «ከዚህ ሆኖ ምን ይታየው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳው አልኳቸው። ግድግዳውን ብዙ አዩት፣ የዘይት ማጣሪያው የተሰቀለበትን፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን። ከዚያ፣ «እኔስ ምን ቀረኝ፣ ኑሮዬን ኖሬያለሁ። የማዝነው ለአንቺ ነው» አሉኝ። ይህን እንዳልጽፍልህ አስጠንቅቀውኛል። ይኸው ጻፍኩት።

እንግዲህ አመለኛዋ አሁንም ጉድጓዱ ላይ ናት፣ አራቱ ብሎኖችም በእጅ ብቻ እንደተያዙ ናቸው። እንዲህ ሆና ከዚህ አትንቀሳቀስም። የደንበኛ መኪና ሲመጣ ደጅ ፀሐይ ላይ እሠራለሁ፤ አፍንጫዬ ተልጦ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ኪሎህን ልጠይቅህ ነበር ሐሳቤ። ይጽፍልኛል፣ ያንኑ ያህል አሸዋ በከረጢት መዝኜ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ አስራለሁ አልኩ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ምግቡ አልተስማማኝም ብለሃል፣ ከስቶ ይሆን? ወይስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዞር ቦርጭ አውጥቶልሃል? አንድ ጊዜ በውድድር ማግስት ተኝተህ እጅህን ደረቴ ላይ ጥለኸው፣ ክብደቱ ደስ ብሎኝ እስክትነቃ ሳልንቀሳቀስ ቆይቻለሁ። አሁን የባሌን ኪሎ በደብዳቤ ልጠይቅ ነው። አመመኝ። ናፍቀኸኛል፤ ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት ይህችን ለማለት ነው። አሸዋ ለውዝ አይፈለፍል፣ አሸዋ ሸበትኩ አይለኝ።

መሪ በያዝክበት ሁሉ እጅህ አይዛል። ዝናቡን ያባራልህ፣ መንገድህን ያድርቅልህ። እናትህንም ጉልበታቸው ቀንቶ በር ድረስ ወጥተው የሚስሙህ ያድርግልን።

ሽጪ ማለትህ ቁርጥ ከሆነ፣ «በሐኪሙ እሰሪው» ብለህ ጻፍልኝ። አስረዋለሁ፣ ያውም አሳምሬ። ቁልፏንም በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ቧንቧውንም እሠራለሁ፣ ከእንግዲህ ኑሮዬ እንዴት እንደሆነ ዐውቄ እገባበታለሁ። እንዲያ ካልሆነ ግን ኪሎህን በወረቀት አትላክልኝ። ይዘኸው ና።

ሚስትህ፣
ከጉድጓዱ አፍ