እግሬን ያሰርሽብኝ ሦስት ዓመት

ተሻገረች! ኳሷ ውኃውን ተሻገረች፣ ወለላ! አንዴ መስሎሽ እንዳይሆን፤ ሦስቴ፣ በተከታታይ! የሜዳው ሠራተኛ ክንዱ እያየ፣ ወንድሜ ሙሐዲን እያየ፣ ደንገል የሚያጭዱት ሁለቱ ሰዎች ሳይቀሩ ታንኳቸውን አቁመው እያዩ። ያ አራተኛው የጎልፍ ጉድጓድ፣ ሐይቁ ወደ ሜዳው ገባ ያለበት፣ ስንት ኳሴን የበላው፣ ዛሬ ጠዋት አንዲትም አላገኘ። ከማዶ ሣሩ ላይ ዱብ ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። አልሐምዱሊላህ!

ውድ ወለላ፣ ሰላምታ ይቀድማል፤ አውቃለሁ፣ አፌ ቀደመኝ። እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽ አስናቀስ ደህና ነው? ኮምቦልቻ ተስማማችሁ?

ኳሷ እንደ ወረደች ወሬውን መጀመሪያ ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ፣ ሳላስበው የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ተጣልተናል። ድምፅ ቀድቼ ልላክልሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፣ ሦስቱንም አጠፋሁት፤ በሳቅ እጀምርና በለቅሶ እጨርሳለሁ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን አልሁ። ትምህርት ከጨረስሁ ወዲህ ከሱቅ ደረሰኝ በቀር ይህን ያህል ጽፌ አላውቅምና ብንዛዛ ቻይኝ።

ስንጀምር ትዝ ይልሻል? ለስኳሬ ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ ብሎኝ፣ በየማለዳው ከፋሲሎ እስከ ሐይቁ ዳር አብረሽኝ ስትሄጂ። የሎጁን ሜዳ በአጥሩ ቀዳዳ አይተን፣ “እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ሣሩን ምን አድርጓቸው ነው የሚደበድቡት?” ብለን ሆዳችንን እስኪያመን የሳቅን ቀን? አንቺ ቀድመሽ ገባሽ። እነ አስናቀ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣው ሕንዳዊ መሐንዲስ አሠለጠነሽ፤ ሲሄድም ዱላዎቹን ተወልሽ። ከዚያ አንቺ እኔን አስተማርሽኝ። በምድር ላይ እንደ እኔ ያለ ተማሪ አላገኘሽም። እናቴን፣ አላህ ይማራትና፣ እንደዚያ ታዝዣት አላውቅም።

“እግርሽን እንደ ምሰሶ ትከዪ” አልሽኝ፤ ተከልሁ። “ጉልበትሽን ቆልፊው” አልሽኝ፤ ቆለፍሁት። “ዳሌሽ ንቅንቅ እንዳይል፤ ጎልፍ የእጅ ሥራ ነው” አልሽኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ ብቻ ስመታ ኖርሁ። ትከሻዬ አብጦ በቅባት አሽተሽኛል እኮ! በራስሽ እጅ! ያን ጊዜ ምን እያሰብሽ ነበር?

የባለፈውን ዓመት የሴቶች ውድድር አልረሳሽም። የሙሐዲን ሚስት ከነልጆቿ፣ የሱቅ ጎረቤቶቼ፣ ግማሹ ገበያ መጥቶ ነበር። አራተኛው ጉድጓድ ላይ ስድስት ኳስ መታሁ፤ ስድስቱም ውኃ ገቡ። ከኋላ አንዷ፣ “ኧረ ሴትዮዋን ንቀሏት፣ ሥር አውጥታለች!” ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሐዲንም ሳቀ፤ “ሐይቁ ዛሬስ ጠገበ?” አለኝ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። መጥተሽ አቀፍሽኝ። “አይዞሽ ጀሊልዬ፣ የሁሉም ሰው ሰውነት ለዚህ አልተፈጠረም” አልሽኝ።

አመንሁሽ። እናንተ ወደ ኮምቦልቻ ስትዛወሩ የሰጠሽኝን ዱላ ለክንዱ ወስጄ፣ “ለሚችል ሰው ስጥልኝ” አልሁት። አራት ወር ያን ሜዳ በሩቅም አላየሁትም። ስኳሬም ወጣ። ሐኪሙ ሲቆጣኝ፣ “ሰውነቴ አይረባም” አልሁት፤ የአንቺን ቃል ነው የደገምሁለት።

አሁን በስልክ ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። እንዴት እንዳወቅሁ አልጠየቅሽኝም።

አንድ ሐሙስ ክንዱ ሱቄ መጣ። ሣሩን የሚያጭደው፣ ጀማሪዎችን የሚያለማምደው ያ ዝምተኛ ክንዱ። ቤት ተከራይቶ ኖሮ መጋረጃ ፈልጎ ነው። ሙሐዲን መሰላሉ ላይ ነበር፤ እኔ እንደ ልማዴ ከታች የጨርቅ ጣቃውን እየወረወርሁለት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይደረድራል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ ሳላስበው ነው የማደርገው። ክንዱ መጋረጃውን ትቶ ፈዞ ቀረ።

“እትዬ ጀሊላ፣ እስቲ ይድገሙት።”

“ምኑን?”

“ውርወራውን።”

“መጋረጃውስ?”

“መጋረጃው ይቆይ።”

ሌላ ጣቃ አንሥቼ ወረወርሁ። ክንዱ ቁጢጥ ብሎ እግሬን ያያል! ሙሐዲን ከላይ ሆኖ፣ “አንተ ሰውዬ፣ የመጣኸው ጨርቅ ልትገዛ ነው ወይስ የእህቴን እግር ልታይ?” ሲለው፣ ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ።

“ኧረ ጋሼ፣ ልብ ብለው ይዩ እንጂ! መጀመሪያ ክብደታቸው ቀኝ እግራቸው ላይ ያርፋል። እጃቸው ገና ኋላ ሳለ ግራ እግራቸው ይረግጣል። ዳሌያቸው ቀድሞ ይዞራል፣ እጅ ከኋላ ይከተላል። መጨረሻ ላይ የቀኝ ተረከዛቸው ከመሬት ተነሥቷል፣ ሆዳቸው ወደ እርስዎ ዞሯል። እኔ ሰው ይህን እንዲያደርግልኝ ዓመት እለምናለሁ፤ እሳቸው ጨርቅ ላይ ያባክኑታል!”

“ወለላ እኮ እግርሽ እንዳይነቃነቅ ብላኛለች” አልሁት።

የማይገዛውን ጨርቅ ይዳብስ ጀመር።

“ምነው ክንዱ?”

“ምንም።”

“ክንዱ!”

“እትዬ ጀሊላ፣ ገና በሁለተኛው ወር ላርምዎት መጥቼ ነበር። እትዬ ወለላ፣ ‘እሷን ለእኔ ተዋት፣ እንዲሁ ደስ ብሏታል፣ ምንም እንዳትነግራት’ አሉኝ። የሚዋደዱ ጓደኛሞች መሀል ምን አገባኝ ብዬ ተውሁት። ግን እሳቸው ራሳቸው ሲመቱ አይተዋቸው አያውቁም?”

አላየሁሽም ነበር፣ ወለላ! ሦስት ዓመት አጠገብሽ ቆሜ የማየው ኳስሽን ነበር። ሲበር አይቼ አጨበጭብልሻለሁ። ክንዱ እንደ ሄደ በውድድሩ ቀን በስልኬ የቀረጽሁሽን ከፈትሁ። ጣቃዎቹ ላይ ተቀምጬ አሥር ጊዜ አየሁት። ጉልበትሽ ይታጠፋል። ዳሌሽ ይዞራል። የቀበቶሽ ዘለበት ስትጀምሪ ወደ ኳሱ ነበር፣ ስትጨርሺ ሐይቁን ያያል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ትስቂያለሽ።

የዚያን ዕለት ነው የደወልሁልሽ። “ክንዱን ዝም በል ብለሽዋል?” ስልሽ፣ መጀመሪያ፣ “ለጉልበትሽ ፈርቼ ነው” አልሽኝ። ጉልበቴን መቼ አሞኝ ያውቃል? ስኳርና ጉልበት ተምታቶብሽ ነው? ይህን ስልሽ የጉልበቱን ነገር ተውሽው። ከዚያ እንዲህ አልሽኝ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

“ከተማው ሁሉ የአንቺ ነው፣ ጀሊላ። መንገድ ላይ አሥር እርምጃ ሳንሄድ አሥር ሰው ያቆምሻል። ወንድም አለሽ፣ ሱቅ አለሽ። እኔ ስምንት ዓመት ባሕር ዳር ኖሬ ‘የአስናቀ ሚስት’ ነኝ። አንድ ነገር የምትጠይቂኝ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር።”

ስልኩንም ዘጋሽው። ይኸው ሁለት ወር።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። እውነት አለበት፤ አልክድሽም። ስምንት ዓመት ሳወራልሽ ኖርሁ እንጂ የአንቺን ነገር ስንቴ ጠየቅሁ? ብትነግሪኝ ኖሮ አፌን እዘጋልሽ ነበር፤ ከባድ ቢሆንም እሞክር ነበር። ግን ወለላ፣ ብቸኝነትሽን በእኔ እግር ላይ ማሰር ነበረብሽ? ማሸነፍሽን እኮ ማንም አልከለከለሽም፤ አሸንፊኝ፣ ግን ለቀሽኝ አሸንፊኝ! ሰው ሲስቅብኝ መድኃኒቱን ይዘሽ እያለ አቀፍሽኝ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ለአርባ ሰባት ዓመት የተሸከመኝን ሰውነት በአንቺ አንድ ቃል ጠላሁት፤ ቃሉ ደግሞ ውሸት እንደ ሆነ ታውቂ ነበር። አብረን ያሳለፍናቸውን ማለዳዎች ሁሉ ወደ ኋላ ሄጄ አንድ በአንድ እያነሣሁ አያለሁ፤ የትኛው ሳቅሽ የእውነት እንደ ነበር መለየት አቃተኝ።

ከንዴቴ የተነሣ በስልኩ ማግስት ሜዳ ወጣሁ። ክንዱ ዱላዬን ለማንም አልሰጠውም ነበር፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። የታሰረ እግር ደግሞ ዛሬ ስለ ፈቱት ዛሬ አይሄድም። መጀመሪያ ክንዱ ዳሌዎን ያዙሩ ሲለኝ እንደ መሳቢያ ወደ ጎን ገፋሁት፤ ኳሱን ስቼ ልወድቅ ነበር። ክንዱ ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አቆመ። “ዱላውን ሲያነሡ የቀኝ የኋላ ኪስዎ ወንበሩን ይንካ፤ ሲመቱ የግራው ይንካው” አለኝ። “ኪስ የት አለኝ? ቀሚስ ነው የለበስሁት!” ስለው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ ሌላውን ቃል ሊጠራው አፍሮ ነው። ገባኝ። ወንበሩን ሱቅ ወስጄ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ በር ላይ ቆማ አይታኝ፣ “ሰርግ አላችሁ?” አለችኝ። ሌላም ልምምድ አለ፤ ሁለት እግሬን ገጥሜ ቆሜ፣ ዱላው ገና ወደ ኋላ እየሄደ በግራ እግሬ ወደ ፊት መራመድ። ያኔ እጄ ሳላዘው ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያስፈራ ነው፤ የምወድቅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ግን መሬቱ ራሱ የሚገፋኝ ያህል ሆነ።

ዛሬ ጠዋት አራተኛው ላይ ስቆም፣ ከኋላ “ትከዪ” የሚል የአንቺ ድምፅ መጣብኝ። ወላሂ ሰማሁት። ግራ እግሬን ረገጥሁና ሁሉን ነገር ለቀቅሁት። የሆነውን ነግሬሻለሁ።

ሙሐዲን ዱላ ሳይነካ ከእኔ በላይ አብዷል። ድግስ ካልደገስሁ ብሎ ለገበያው ሁሉ ነግሯል። ዓሣ ነው፤ የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ የሚል ጣጣ ሳይኖር ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ አልን። ጾምም ስላልሆነ ሰበብ የለሽም። መንገዱ ደህና ከሆነ በመኪና ነይ፤ ካልሆነ በአውሮፕላን።

ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። “ማን አስተማረሽ?” ለሚለኝ ሁሉ ሦስት ዓመት “ወለላ” ስል ኖሬያለሁ፤ ሰዉ አሁንም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። በዚያ ቀን ሊያመሰግኑሽ ተዘጋጅተዋል፤ የሙሐዲን ሚስት ሽልማት ሁሉ አስባልሻለች። ክንዱን ዝም እንዲል ነግሬዋለሁ፤ ዝም ማለት ይችልበታል። እኔም ሰው ፊት አላዋርድሽም። አልሸፍንልሽምም። ሽልማቱን ተቀብለሽ አመሰግናለሁ ካልሽ፣ እንደ እንግዳ በልተሽ በሰላም ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ወዲያ አልጽፍልሽም። ከመቀበልሽ በፊት ያደረግሽውን በራስሽ አፍ ከነገርሻቸው ግን፣ በማግስቱ ማለዳ አብረን እንሄዳለን፤ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ኮምቦልቻ ምን እንደምትመስል፣ ማን እንደሚያቆምሽ፣ ማን በስምሽ እንደሚጠራሽ፣ ሁሉንም እጠይቅሻለሁ። ቃሌ ነው።

አስናቀን ሰላም በይልኝ።

ያስተማርሽኝም ያታለልሽኝም፣
ጀሊላ

ውይ፣ ቀኑን ሳልጽፍልሽ ላሽገው ነበር! እሑድ፣ ግንቦት ዘጠኝ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር። ማንም እንዳይቀር ተብሏል።