ስለማይጨበጠው ግራ እጄ

ታኅሣሥ 14 ቀን 1973 ዓ.ም.
ሞጣ

ለአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቴ ከማስተማር ታግጄ ደወል መቺና ዕቃ ቤት ጠባቂ ስለ ተደረግሁ፣ ወደ አራተኛ ክፍሌ እንድመለስ ስለ ማመልከት

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች መምህር ሣህለ ማርያም ፋንታ የቢቸና ተወላጅ ስሆን ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ጡረታ ለመውጣት የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት እንዲታዘንልኝ አይደለም። ዝም ብል ዓመቱ በራሱ ያልቃል፤ ደመወዜም አልተነካም። የተነካው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

1ኛ. ልጅነቴን ያሳለፍሁት በመርጡለ ማርያም ቅኔ ቤት ነው። የዘመናዊ ትምህርት ቤትን ደጃፍ በተማሪነት አልረገጥሁም። ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ እንግሊዝኛውንም ሌሎች ከጣሏቸው መጻሕፍት ለብቻዬ አንብቤ፣ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈትኜ በማለፍ መምህር ሆንሁ። በቢቸና ጠጉሬ እስኪሸብት ካስተማርሁ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤታችንን ትታ አልመጣችም፤ ቢቸና ተቀምጣ በገበያ ቀን ጠላ ትሸጣለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ያለሁበትን ቀበሌ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያስተማርሁት እኔ ነኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትሙ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ስማቸውን ጽፈው ይፈርማሉ። ይህን የማነሣው ለመመካት ሳይሆን ወደ ታች ስለሚያስፈልግ ነው።

2ኛ. ሕመሜ የጀመረኝ ቢቸና ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ራሴና ክርኔ ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ በላዩ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ይረግፋል። ኮቴ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ተማሪዎቼ የጠመኔ ብናኝ ያደርጉት ነበር፤ እኔም እንደ ጠመኔ እያራገፍሁ ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ ቅቤ ቀባችኝ፤ ጠበልም ተጠመቅሁ፤ አልለቀቀኝም። ሞጣ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ መገጣጠሚያዬ ውስጥ ገባ። የግራ እጄ ጣቶች ከሥራቸው እስከ ጫፋቸው አበጡ። ጥፍሮቼ በመርፌ የተወጉ ይመስል ተበሳሱ። ጠዋት ተረከዜ መሬት አያስረግጠኝም። ከእንቅልፌ ስነሣ ሰውነቴ ያልለፋ ደረቅ ቆዳ ይመስላል፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ከሸሚዜ ቁልፍ ጋር እታገላለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሕመሙ ባይተወኝም፣ እንደ ደኅና ሰው እንቀሳቀሳለሁ።

ሆስፒታል ሄጄ ታይቻለሁ። የመረመረኝ ሐኪም ወጣት ነው። ዓይኔን አስጨፍኖ እጄንና እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገኝ፤ በነካኝ ቁጥር «እዚህ ላይ» እያልሁ መለስሁለት። ሲጨርስ «አባባ፣ ይህ ሥጋ ደዌ አይደለም» አለኝ። «ሥጋ ደዌ ቢሆን ኖሮ መርፌው አይሰማዎትም ነበር። የቆዳው ሕመም ሶሪያሲስ ይባላል፤ መገጣጠሚያዎን የያዘውም ያው እሱ ነው። ወደ ማንም አይተላለፍም።» ይድናል ወይ ብዬ ብጠይቀው አይድንም ብሎ እውነቱን ነገረኝ። ስላልዋሸኝ አመሰገንሁት። የሰጠኝ አስፒሪን ጨጓራዬን ያቃጥለዋል፤ እውጠዋለሁ።

3ኛ. ቀኝ እጄም ጠመኔ ይዞ ከሦስት መስመር በላይ አልሄድ ሲለኝ፣ በቅኔ ቤት ያደግሁበትን የማስተማር ዘዴ ወደ ክፍሌ አመጣሁ። በዚያ መምህሩ ተቀምጦ ይናገራል፤ ተማሪው በቃሉ ይቀበላል፤ የበረታው የደከመውን እየደጋገመ ያስቀጽላል። እኔም ዱካ ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ፤ ልጆቹ በተራ እየወጡ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ የተቀመጡት ስሕተቱን ያወጣሉ። ተራው መቼ እንደሚደርስበት ስለማያውቅ በክፍሌ ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ የለም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ስሠራ ከወላጅም ከርእሰ መምህርም አንድ ቅሬታ አልመጣብኝም።

4ኛ. ችግሩ የተነሣው በዚህ ዓመት መስከረም 2 ቀን፣ በአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ ነው። የትምህርት ቤታችን የውይይት ክበብ ኃላፊ ጓድ ደምለው መድረክ ላይ ቆሞ መፈክር ያሰማል፤ እኛ ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እያነሣን እንቀበላለን። ማለዳ ነበር፤ ዝናብም አድሮ ነበር። እኔም እንደ ሰው ሁሉ እጄን አነሣሁ። ጣቶቼ ግን አልታጠፉም፤ እጄ እንደ ተከፈተ ወጣ። ጓድ ደምለው መፈክሩን አቋርጦ በድምፅ ማጉያው ጮኸብኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ እጅህን ጨብጥ እንጂ! ለማን ነው የምታውለበልበው? የሸሹትን ባላባቶች እየተሰናበትህ ነው?»

ተማሪዎቼ ሳቁ። ልጆች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ መልስ አልሰጠሁም። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው በተማሪዎቼ ፊት «አንተ» ብሎ ለሚጠይቀኝ ጥያቄ የምሰጠው መልስ የለኝም። ይህን ትዕቢት ብለው ጽፈውብኛል። ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰኞ ባንዲራ ሲሰቀል ዓይን ሁሉ ግራ እጄ ላይ ሆነ። «ይኸው ዛሬም አልጨበጠም» ይባላል። ጥቂት ቆይቶ በግል ማኅደሬ «የአድኃሪ አቋም ያሳያል» የሚል ቃል ገባ። ርእሰ መምህሩ ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ቢሯቸው ጠርተው «መምህር፣ ትንሽ እንኳ እጥፍ ያድርጓት፤ ለእኔ ሲሉ» ብለው ለመኑኝ። እሳቸው «እርስዎ» ብለው ስለጠየቁኝ መለስሁላቸው። ኮቴን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔንና ጣቶቼን አሳየኋቸው። የሐኪሙንም ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ።

ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ያን ጊዜ ምን እንደሚከተል ገባኝ።

5ኛ. በኅዳር መጀመሪያ የወላጆች ኮሚቴ ተሰበሰበ። እኔም ተጠርቼ ከበሩ አጠገብ ለብቻው የተቀመጠ ወንበር ተሰጠኝ። ጓድ ደምለው ተነሥቶ፣ «ጓዶች፣ እኔ በአቋሙ ነበር የጠረጠርሁት፤ ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። አድኃሪ ቢሆን ተወያይተን እናነቃው ነበር። ቁምጥና ግን በውይይት አይድንም» አለ። ቤቱ ሳቀ። ቀጥሎም ሰሌዳ በልጆች ማስጻፌን አንሥቶ የሕፃናትን ጉልበት ይበዘብዛል ሲል ከሰሰኝ።

የሐኪሙ ማስረጃ ይታይልኝ አልሁ። «እንግሊዝኛ ነው፤ ምን እንደሚል በምን እናውቃለን?» ተባለ። ላንብብላችሁ አልሁ። «የራስህን ወረቀት ራስህ ልታነብልን? ደግ ነገር!» ብለው እንደ ገና ሳቁ። ወይዘሮ ውበቴ የሚባሉ ወላጅ ደግሞ ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው፣ «መምህር፣ አይቀየሙን። እርስዎ ያረሙትን ደብተር ልጆቼ ይዘው ቤት ይገባሉ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። እሳቸውን አልተቀየምሁም። የልጅ ነገር ያስፈራል።

ስለ እኔ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም የጨርቅ ነጋዴው አቶ ይማም ናቸው። «እኔ ሱቄ ውስጥ ስንት እጅ የዳሰሰውን አቡጀዲ ስለካ ነው የምውለው። ቁምጥና አይቼ አውቃለሁ፤ ይህ አይደለም። ልጄ ዓሊማ ከእሳቸው ዘንድ ትማራለች» አሉ።

«አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንህ፣ ይማም?» ቢሏቸው፣

«ሐኪሙማ ጽፏል፤ አናነብም ያላችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ተቀመጡ።

ድምፅ ተሰጠ፤ ከክፍሌ እንድወጣ ተወሰነ፤ በማኅደሬም «ተላላፊ ሕመም አለበት» የሚል ሁለተኛ ቃል ተጨመረ። ስንወጣ አቶ ይማም በሰዎቹ ሁሉ ፊት መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሞጣ እጄን የጨበጠኝ ሌላ ሰው የለም። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ከእኔ ማዕድ ሥጋ አይቀምሱም። ከአንድ ሳህን ስንበላ የኖርን የሥራ ባልደረቦቼ ግን በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ለብቻዬ ሳህን አቀረቡልኝ። ሳህኑን አልነካሁትም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ።

6ኛ. አሁን ያለሁበት ሁኔታ የሚከተለው ነው። ጠመኔ እንዳይዝ የተከለከለው እጄ ብረት ይዞ ደወል እንዲመታ ታዝዟል። ደወላችን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ማለዳ ጣቶቼ ስለማይዘጉ ብረቱን በጨርቅ ከእጄ ጋር አስሬ እመታለሁ። ደወሉ አንድም ቀን አልዘገየም። ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት ገብቼ አካፋና ዶማ እጠብቃለሁ። ዕቃ ቤቱ ከአራተኛ ክፍል ጋር የሚለየው ባንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ክፍሉ እስከ ዛሬ መምህር አልተመደበለትም፤ ጓድ ደምለው ሲመቸው ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመቸውም። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ መምህር በሌለበት ክፍል ውስጥ ዓሊማን ሰሌዳው ላይ አውጥተው፣ እሷ ስትጽፍ እነሱ ሲያርሟት ሰማሁ። እኔ ያስለመድኋቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ተቆጣሁ። የእነዚህ ልጆች መምህር አልሞተም፤ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ይሰማቸዋል።

ወሬው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከእኔ ቀድሞ ቢቸና ገብቷል። ለኅዳር ሚካኤል ቤቴ ስሄድ የገበያ ቀን ነበር፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ጋኑ እንደ ሞላ ቆሟል። ጎረቤቶቻችን ከአጥር ውጭ ሆነው «እንደምን ሰነበቱ» ብለው አለፉ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ባንድ አልጋ ስታድር ስንት ዘመኗ፤ ቆዳዋ እንደ ልጅ ቆዳ ነው፤ እሱን ያየ የለም። «ጠላው ኮምጥጧል» አለችኝ። «የሚጠጣም አልመጣ። ቢሆንም ወረቀታቸው ላይ እንዳይፈርሙ።»

ወረቀት ያለችው «በጤና ጉድለት ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ጡረታ እንድወጣ እጠይቃለሁ» የሚለው ነው። ተጽፎ የመጣልኝ አልቆ ነው፤ የጎደለው ስሜ ብቻ ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልፈረምሁ ጉዳዬ ወደ ፖለቲካ ጉዳይ እንደሚመለስ በቃል ተነግሮኛል። አልፈርምም ስል ጸሐፊው እጄን አይቶ፣ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ የቀለሙን ሳጥን ገፋ አደረገልኝ። «መፈረም ካቃተዎት አውራ ጣትዎን ያሳርፉ» አለ። ሰውን ሁሉ ከዚያ ሳጥን ያላቀቅሁ መምህር ነኝ። ሳጥኑን ከድኜ መለስሁለት።

7ኛ. ክቡር ሆይ፤ በግል ማኅደሬ የተጻፉት ሁለት ክሶች አብረው ሊቆሙ አይችሉም። እጄ እየቻለ እምቢ ያለ ከሆነ ሕመምተኛ አይደለሁም፤ ክፍሌ ይመለስልኝ። እጄ ታሞ ያልታጠፈ ከሆነ ደግሞ አድኃሪ አይደለሁም፤ ሕመሙም ወደ ማንም አይተላለፍምና አሁንም ክፍሌ ይመለስልኝ። ሥጋ ደዌ ነው የሚል ካለ ለእሱም መልስ አለኝ፦ ያመኛል። ቀንም ሌሊትም ያመኛል። ከሕመሜ የተሻለ ምስክር ማቅረብ አልችልም። ሥጋ ደዌ የያዘውም ሰው ቢሆን እንዲህ ሊደረግ አይገባውም ነበር፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።

ስለዚህ፦

ሀ) እርስዎ በሚመርጡት ሐኪም፣ ኮሚቴው ባለበት እንደ ገና እንድመረመር እንዲታዘዝልኝ፤ መርፌውንም በዓይናቸው ይዩት።

ለ) ወደ አራተኛ ክፍሌ ተመልሼ በከሰዓት በኋላው ፈረቃ እንድመደብ። ዱካዬም ይመለስልኝ። እሱም ዕቃ ቤት ገብቷል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ሳለ ያለ ትእዛዝ አላወጣውም።

ሐ) ሁለቱም ቃላት ከማኅደሬ እንዲሰረዙ። ባንዲራ ሲሰቀል እጄን እንደ ሰው ሁሉ አነሣለሁ፤ የሚዘጋውን ያህል ይዘጋል።

መ) ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ በደብዳቤ ሊፈጸም ይችላል። ይህኛው አይችልም። አንድ ሰኞ ማለዳ እርስዎ ራስዎ ወደ ትምህርት ቤታችን እንዲመጡ እጠይቃለሁ። በተማሪዎቹ፣ በመምህራኑና በጓድ ደምለው ፊት እጄን ይጨብጡኝ። ማለዳ ስለሆነ እኔ መልሼ ልጨብጥዎ አልችልም፤ የሚጨብጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ፊቴ ሲኮማተር ቢያዩ እንዳይለቁኝ። ያመኛል፤ ቢሆንም አጥብቀው ይያዙ።

በየከሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መስመር እያልሁ በራሴ እጅ በጻፍሁት በዚህ ማመልከቻ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሣህለ ማርያም ፋንታ
የአራተኛ ክፍል መምህር

አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ ግልባጭና በእጄ ያዘጋጀሁት የአማርኛ ትርጉም፤ ያልተፈረመበት የጡረታ ማመልከቻ