የአባባ የቁም ተዝካር

ከገነተ ማርያም ሥር፣ የካቲት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ደሴ ላለኸው ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? እኔ ማርያም ትመስገን፣ ከድካም በቀር ደኅና ነኝ። ስለ አባባ ጤና ጠይቀኸኝ ነበር፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኛል። አንድ መስመር እጽፍና ተነሥቼ በረቱን አይቼ እመለሳለሁ። ሁለት ወረቀትም ቀድጃለሁ።

መጀመሪያ ልቆጣህ። ኅዳር ላይ ለአጎታችን ለአዝመራው ጽፈህለት የለ? እሱ ማንበብ አይችል፤ ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ወደ እኔ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ መሠረተ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ፊደል ባየሁ ቁጥር ድምፄ ከፍ ይላል፤ አባባ ከተኙበት መደብ አጠገብ ቆሜ አነበነብኩት። የአባታችን ቀን የደረሰ እንደሆነ ለክብራቸው በሬያችን ጉራቻ ታርዶ ተዝካራቸው ይውጣ፣ ሰው እንዳይስቅብን ብለሃል። የነቃሁት ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። አዝመራው ደስ ብሎት ጢሙን ዳሰሰ። አባባ ዐይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ተኝተዋል ብዬ ተጽናናሁ። የት ይተኛሉ!

አንተ ደሴ ተቀምጠህ ክብር ትላለህ። ጉራቻ ለእኔ ምን እንደሆነ ረሳኸው? እኔ ሴት ነኝ፣ እርፍ አልጨብጥም። ጎረቤታችን ጋሻዬ የሚያርስልኝ ጉራቻን ከእሱ በሬ ጋር ስለሚያቀናጅ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ መሬት ጦም ያሳደረ ይነጠቃል ብሎ በስብሰባ ተናግሯል። በሬው ከታረደ መሬቱ ይሄዳል። ከዚያ የማን ደጅ ልጠና?

ከልደት በኋላ አባባ ጠሩኝና ተዝካሬን በቁሜ ላውጣ አሉኝ። አንድ በግ ይበቃል፣ ጠላ ጥመቂ፣ የነፍስ አባቴን መምሬ ደባሱንም ጥሪልኝ አሉ። ወንድሜ፣ ደሜ ፈላ። በቁሙ ተዝካሩን የሚያወጣ እኮ ልጅ የሌለው ነው፣ አለዚያም ልጁን ያላመነ! ትዳሬን ትቼ መጥቼ ስምንት ዓመት ሙሉ ደግፌ አንስቼ ደግፌ አስተኛሁ፤ ጎናቸው እንዳይቆስል ጧት ጧት በቅቤ አሸሁ፤ ይኼን ሁሉ አድርጌ አላመኑኝም? ፊት ለፊት ተናገርኳቸው። እሳቸው ጌሾውን እንዳታበዢው ብቻ አሉ። እኔም ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። ምግባቸውን አጠገባቸው አስቀምጬ ሳላጎርሳቸው ወጣሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይቺን ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ የአገሩ ሰው ተሰበሰበ። አዝመራው በጉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ለዚህች ነው ይኼ ሁሉ ጥሪ እያለ አላገጠ። ሰው በልቶ ከጠጣ በኋላ አባባ ቀና አድርጊኝ አሉኝና ትከሻዬን ተደግፈው ተናገሩ። ተዝካሬን በልታችኋል፣ ጠጥታችኋል፤ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ሌላ ተዝካር የሚጠይቅ ቢኖር መምሬ ይገዝቱልኝ አሉ። ጉራቻም ቤቱም የጧሪዬ የልጄ ነው፤ ስሞት ቢላ ይዞ ወደ በረቴ የሚመጣ ሰው ሥጋዬን እንደበላ ይቆጠር አሉ። መምሬ ደባሱ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ። ሊቀመንበሩ ሳይቀር አቀረቀረ። አዝመራው የበጉን ሥጋ እያኘከ ነበር፤ ምን ይበል? እኔ ጀርባቸውን ይዤ ስለነበር እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ሰው ሲበተን ምነው አባባ፣ ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ ብላቸው፣ አንቺማ ምሥጢሩን ጮኸሽ ታነቢዋለሽ ብለው ሳቁብኝ። ሲስቁ ካየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

እንግዲህ ስለ ጤናቸው። አሁን ጎናቸውን አያማቸውም። ከባለፈው ሰኞ ወዲህ ማገላበጡን ትቻለሁ። መደቡን ጠርጌ በጭቃ ለጥፌዋለሁ። ጉራቻን ጋሻዬ ትናንት ጠምዶት ውሏል። እጄ ግን ልማዱን አልለቅ ብሎኛል፤ ዛሬም ጧት ቅቤውን አሙቄ መደቡ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን ደብዳቤ ከጋሸና ሾፌሩ ሸዕባን ያመጣልሃል። እንደደረሰህ ብቻህን አትቀመጥ። ጋቢህን ደርበህ፣ ጓደኛህን አስከትለህ አክስታችን ወለላ ቤት ሂድ፤ ሰው ልኬባታለሁ። ወደዚህ ስትመጣ በግ እንዳትነዳ፣ እህልም እንዳትሸምት። አንተንም እኮ ስምህን ጠርተው መርቀውሃል፤ ልጄ ክብሬን ብሎ ነው፣ አትቀየሚው ብለውኛል። እኔም ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።

ምርቃታቸው አይለይህ። ገነተ ማርያም መንገዱን ታቅናልህ። ለተዝካሩ ብለህ አትቸኩል፣ ተበልቷል። ለእኔ ብለህ ግን ቶሎ ና፤ ቤቱ ሰፍቶኛል።

ታላቅ እህትህ