ለምሕረት የመጡት እውነተኛ ሽማግሌዎች

ውድ ባሌ ዳንጊሶ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተ ካለህበት ቦታ ግን ጤና የሚጎድል ስለማይመስለኝ ጥያቄውን ዘልዬ የእኛን ልንገርህ፤ ደህና ነን። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። የሦስተኛው ደመና ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ በላይ ሲሰበሰብ አየሁና ዝናቡ ሳይቀድመኝ ወሬውን ላድርስህ ብዬ ተቀመጥኩ። ወሬው የደስታ ነው። ልጃችን ምሕረት ልታገባ ነው።

ሳቅህ ተሰማኝ። "ደግሞ የትኞቹ ሽማግሌዎች መጡ?" ትለኛለህ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ከቤቱ ልጀምር። በሩ አጠገብ የተከልካት ዘይቱን ዘንድሮ አፈራች። የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩባት ወጥቼ እቆጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ራሴው አውርጄ እሰጣቸዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የሳይክል መጠገኛህ የጎረቤታችን የእትዬ ወርቄ ወንድም ይሠራባታል። እጁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎማ ሲነፋ እንዳንተ አይዘምርም። ጸሎት ቤታችን እንደታሸገች ናት። ቀበሌው አሁን ስንዴ ያከማችባታል። ይህን ያየሁ ቀን እንባዬ ሊመጣ ሲል አንተ ብታይ የምትለው ነገር መጣብኝ። "ቤተልሔም ማለት የእንጀራ ቤት አይደል? ሳያውቁ ስም አወጡላት" ባልክ ነበር። ብቻዬን እየሳቅኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እኔም ተለውጫለሁ። በጉባኤ መካከል ስሟን ሲጠይቋት እንኳ አንገቷን የምትደፋው ሚስትህ አሁን ለወንድሞችና ለእህቶች ታነባለች። አንተ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቅዱስህን ዘርግተህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስታነብ፣ እኔ ፊት ለፊትህ ምስር እየለቀምኩ ፊደሉን ከወዲያ በኩል ተማርኩት፤ እንደተገለበጠ። አንድ ቀን መስመር ስታልፍ ሳላስበው "ዘለልክ" አልኩህ። ቀና ብለህ ያየኸኝ አስተያየት እስካሁን ይሞቀኛል። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ አስተማሪዋ ልጅ መጽሐፉን ስትሰጠኝ አዙሬ ያዝኩት። "እማማ፣ ተገልብጧል እኮ" አለችኝ። "ለእኔ አሁን ነው የተቃናው" አልኳት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነኝ።

አዲስ የመጡት ምእመናን ይህችን ማኅበር ማን እንደጀመራት ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ላይ "ባለቤቴ ነው" ብዬ ዝም እል ነበር። አሁን ግን አፌን ከከፈትኩ አልዘጋም። ሳይክል ይጠግን የነበረ ወጣት ነበር እላቸዋለሁ። በዚህ ከተማ ይህን እምነት የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ ዘመዶቹ "ፈረንጅ አሳበደው" ብለው ሲሸሹት እሱ በየበዓሉ ሳይጠሩት እየሄደ አብሯቸው ይበላ ነበር እላቸዋለሁ። በሳይክል ገጠር ለገጠር ሲዞር ሰው ለስብከቱ ባይወጣም ለፓምፑ ይወጣ እንደነበር፣ ጎማቸውን እየነፋ ወንጌል እንደነገራቸው እነግራቸዋለሁ። የማኅበሩ ሽማግሌዎች መሪ አድርገው ሲሾሙህ እጅህ ላይ የሳይክል ግራሶ ነበረ፤ የሁሉንም ነጭ ጋቢ አበላሸህ።

አብዝተው የሚወዱት ግን የጉማሬውን ነው። ሐይቁ ውስጥ ሰዎች ስታጠምቅ ያ ጉማሬ ብቅ ሲል፣ ዳር የነበርነው ሁሉ ዝማሬውን ጥለን ስንሮጥ፣ አንተ የምታጠምቀውን ሰው ክንድ እንደያዝክ ቆመህ "አትሽሹ፣ ተራውን እየጠበቀ ነው!" ያልከውን። ሰውየው አሁን የማኅበራችን ሽማግሌ ነው። በዚያች ቀን የዳነው ሁለት ጊዜ እንደሆነ ይናገራል።

እንግዲህ ወደ ምሕረት ልመለስ።

ጸሎት ቤቷ ታሽጋ፣ አንተም ታስረህ ከተፈታህ በኋላ፣ ያንን ዘዴ ስታመጣ እኔም ስቄ ነበር። ሦስት አራት ሰው አንድ ቤት ሲገባ ስብሰባ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ሽማግሌ ለልጅ ሲላክ ግን ማን ይጠይቃል? ወንድሞች ጋቢ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው ምሕረትን "ሊጠይቁ" ይመጣሉ። እህቶች "ለመስተንግዶ" ይገባሉ። በር ይዘጋል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ከበርበሬው ጣሳ ይወጣል፣ በሹክሹክታ እንጸልያለን። ሲወጡ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እምቢ ተብለዋላ! የአብዮት ጥበቃው ልጅ እንኳ አዝኖላቸው "ዛሬም አልሆነም?" ይላቸው ነበር።

እትዬ ወርቄ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብላ "ኧረ ይቺ ልጅ ማንን ነው የምትጠብቀው? ንጉሥ እንዳይሆን፣ ንጉሡም ወርደዋል!" ስትል አንተ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። ምሕረትም አብራህ ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መሳቅ አቃተኝ። የእኩዮቿ ሠርግ ሲደገስ እናያለን፤ ወደ እኛ ቤት የሚመጣ እውነተኛ ሽማግሌ ጠፋ። ማን ደፍሮ ይምጣ? የከተማውን ሽማግሌ ሁሉ የመለሰች ልጅ ተባለች እኮ።

ያን የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ከሐይቁ ማዶ ወዳሉት አማኞች ልትሄድ ሳይክልህን ስታዘጋጅ ያልኩህን እርሳ ማለት አልችልም፤ እኔም አልረሳሁትም። "ለሰው ልጅ ሁሉ መንገድ ታሳያለህ፤ የራስህ ልጅ ላይ ግን በር ዘጋህባት" አልኩህ። ሁልጊዜ እስከ መናኸሪያ እሸኝህ ነበር፤ ሳይክልህ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እስኪታሰር እቆም ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ጓዳ ገባሁ። አንተ ከደጅ "በይ ደህና ዋይ" አልክ። እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ከዚያ እዚያው ከሐይቁ ማዶ ወባው ያዘህ። እዚያ ባለው ክሊኒክ መርፌ የሚወጋው ወጣት ድሬሰር ተስፋዬ ሳይክልህን እየገፋ መርዶህን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ልቅሶው ካለቀ በኋላም እየተመላለሰ ይጠይቀን ነበር። እኔ የዋሂቱ "እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ልጅ ነው" እል ነበር። ዘይቱኗን ውሃ የምታጠጣው ምሕረት መሆኗን እያየሁ፣ እሱም ሁልጊዜ ዘይቱኗ ሥር የሚቆምበትን ምክንያት አላስተዋልኩም። በውስጤ ግን ሌላ ነገር ነበር። የመጨረሻ ቃሌ አብሮህ ሄዷል፤ በትኩሳትህ መካከል ሲወጋህ ይታየኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጋቢ፣ ዘንግ፣ ሁሉም እንደ ደንቡ። ፊታቸውን አላውቀውም። ከሌላ ከተማ ወንድሞች ይመጣሉ ተብሎ ተነግሮኝ ስለነበር እነሱ ናቸው አልኩ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኩ። አልተቀመጡም። ትልቁ ሰውዬ "እመቤቴ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። እኔም በልቤ፣ የእነዚህስ ትወና በዛ እያልኩ "ኧረ በሩ ተዘግቷል፣ አሁን ማን ያየናል!" ብዬ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ከበርበሬው ጣሳ መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣሁ፣ በቀሚሴ ጠረግኩት፣ ፊታቸው ዘርግቼ ከወዲያ በኩል ማንበብ ጀመርኩ። ከሦስቱ አንዱ በርበሬው ገብቶበት አነጠሰ።

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። በሚያነጥሰው ሰውዬ ኮት ላይ፣ ጋቢው ሲከፈት፣ ማጭድና መዶሻ ያለበት ዓርማ አየሁ።

ዳንጊሶ፣ የእኛ ሰዎች አልነበሩም። ምሕረት ከጓዳ ብቅ ብላ እንደ ኖራ ነጥታ ቆመች። የመጡት የተስፋዬ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ባለ ዓርማው አጎቱ ነው፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር። ምሕረት መምጣታቸውን ታውቅ ነበር፤ እኔን ለማስደነቅ ብላ ደብቃኝ ነው። ልጄንም ማኅበሩንም በአንድ ጣሳ በርበሬ ጨረስኳቸው አልኩ። መጽሐፉን ልዝጋው ወይስ ይዤው ልሽሽ አላወቅኩም።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጠረገ። መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ "ዘቅዝቀው የሚያነቡት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?" አለኝ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነበር።

አንተን ሊያስር መጥቶ እንደነበር የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ትኩሳትህን አይቶ ቤቱ አስተኛህ፤ ተስፋዬን ጠራልህ። የመጨረሻ ቀኖችህን ስለ እኛ ስታወራለት አሳለፍካቸው። ምሕረትን ስለጠየቁት ሽማግሌዎች ሁሉ ነገርከው፤ ከሳቁ ብዛት ሚስቱ ከማድ ቤት መጥታ ተቆጣቻችሁ። እኔ የተናገርኩህንም አልደበቅክም። "ሚስቴ ልክ ናት፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መክፈትም አለብኝ" አልከው። ተስፋዬ መርፌውን ይዞ ሲወጣ በዓይንህ እያሳየኸው "እንደዚህ ያለ ልጅ አንድ ቀን ልባችሁ ቢፈቅድ ላኩልን። ግን ሚስቴ አታምናችሁም፤ መጽሐፍ ታወጣባችኋለች፣ እንዳትደነግጡ" አልከው።

"ስለ በርበሬው ግን አልነገረንም" አለ ሊቀመንበሩ፣ እንደገና እያነጠሰ።

ሁለት ክረምት የተሸከምኩትን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አወረድኩት። አለቀስኩም ሳቅኩም፤ የቱ እንደቀደመ ምሕረትን ጠይቃት።

ከዚያ ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ፤ እንደ ደንቡ እንዲሆን። ትልቁ ሰውዬ ልጃቸውን አወድሰው ልጃችንን ጠየቁ። መጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥምና "ለሌላ ጊዜ እንመለስ" ብለው ዘንጋቸውን አነሡ። ያቺ ዝምተኛ ሚስትህ ምን አለች መሰለህ? "ተቀመጡ አባቴ፣ ለዚች ልጅ የመጣው ሽማግሌ ይበቃል!" ምሕረትን አየኋት፣ ራሷን ነቀነቀች፤ እልል አልኩ። እትዬ ወርቄ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ "ምነው፣ ንጉሡ ተመለሱ እንዴ?" አለች። ሊቀመንበሩ ሰምቶ አልሰማም።

ሠርጉ እሁድ ነው። ማግስቱን ሙሽሮቹ ከሐይቁ ማዶ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳሉ፤ ሳይክልህንም ለተስፋዬ ሰጥቼዋለሁ። መጽሐፉ ከእኔ ጋር፣ ጣሳው ውስጥ ይቆያል። ሰው ሲሰበሰብ አወጣዋለሁ፤ በአንተ በኩል አስቀምጬ ከወዲያ በኩል ሆኜ አነበዋለሁ። መስመር ስዘል "ዘለልሽ" የሚለኝ ድምፅ እስካለ ድረስ አልረሳህም።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ሳይክሉ ጣሪያው ላይ እስኪታሰር እቆማለሁ። አውቶቡሱ ታጥፎ ከዓይኔ እስኪጠፋ እጄን አነሣለሁ፤ ለእነሱም፣ ለአንተም። በል፣ ደህና ዋል።

ሚስትህ