የሰረዝኳቸው ሦስት መስመሮች

ጎንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ዳኛው፣

የዛሪማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሁለት ወር ሙሉ ብዕር አንስቼ የምጥለው አጀማመሩ ጠፍቶኝ ነው። እንግዲህ ልናገረው፤ ያን ቀን ፕሮግራምህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ለየጤና ጣቢያው የሚሄደውን መድኃኒት የሚመዘግበውን ፕሮግራም ስትጽፍ ከጎንህ ነበርኩ። "ጽጌ፣ የኛ አሮጌ ኮምፒውተር ስምንት ቢት ነው፤ በእርዳታ የመጣው ግን አሥራ ስድስት፤ መረጃ የሚያስቀምጡበት አእምሮ አይመሳሰልም። ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቆመበት ማሽን ምን እንደሆነ ይጠይቅ። የአንዱን አእምሮ እንደ ሌላው ቆጥሮ ከጻፈበት ጉድ ይፈላል" አልከኝ።

"ምነው አንተ! እንግዳ እህል ሳይቀምስ አገርህ የት ነው ይባላል? ነውር አይደለም?" አልኩህ። ሳቅክ፤ ሦስቱን መስመሮች ግን ጻፍካቸው።

አዲሱ ማሽን ካድሬው መጥቶ እስኪመርቀው አይነካም ተብሎ ተቆልፎበት ነበር። በምረቃው ዋዜማ፣ ያ ጥያቄ አጀማመሩን ስላዘገየብኝ፣ ላሳምረው ብዬ መስመሮቹን ሰረዝኳቸው። በአሮጌው ሞከርኩት፤ ሸጋ አድርጎ ሠራ። ለአንተ ትንፍሽ አላልኩም።

በማግሥቱ በካድሬው ፊት ስክሪኑ ድርቅ አለ። የሳንጃና የእንፍራንዝ ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ዝርዝር ከዲስኩ ጠፋ።

"ይሄ አሻጥር ነው! ማነው የጻፈው?" ብሎ ካድሬው ጮኸ።

ዞር ብለህ አየኸኝ። ገብቶሃል መሰለኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጓድ" አልክ።

እኔ ከኋላህ ተሸሸግኩ። በሳምንቱ ዛሪማ ወረወሩህ። እናትህ እትዬ አማረች መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?" ይሉኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አቤት፣ እንዴት አፍሬ ኖርኩ!

አሁን መስመሮቹን መልሻቸዋለሁ። ፕሮግራሙ በአሮጌው ላይ "ስምንት"፣ በአዲሱ ላይ "አሥራ ስድስት" ብሎ ይጀምራል። በአለቃችን ፊት ሁለቱንም አሳየሁ፤ መስመሮቹ ሲወጡ የሚሆነውንም ደግሜ አሳየሁ። ከዚያ "የሰረዝኩት እኔ ነኝ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ሰኞ ካድሬው ጠርቶኛል። አልዋሽህም፣ ፈርቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናትህ ደጅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩን ይዘጉብኛል ብዬ ነበር።

"ግቢ" አሉኝ፤ "መጀመሪያ እህል ቅመሺ።"

እያለቀስኩ በላሁ፣ ዳኛው።

ሰኞ "ማነው?" ሲሉ "እኔ ነኝ" ብላ የምትመልሰው፣
ጽጌሬዳ