ማሚቴን ማቃናት

ሰኞ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2013
ዝናብ። ጎመኑን ለቀምሁ። ሰላማዊት፣ የሟች እህቴ የማሚቴ የልጅ ልጅ፣ ከወልድያ መጣች። ደሴ የሚሄድ መኪና እስክታገኝ እኔ ዘንድ፣ መርሳ ትቆያለች። ያዘለችው ላፕቶፕ ብቻ ነው። ሰው ጦርነት ሲሸሽ ብርድ ልብስ አይይዝም?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 21
በር ዘግታ ትውላለች። ማዳመጫውን ስታወልቅ ወደ ውጭ ይሰማል... አንዲት ድምፅ ብቻ። ከፍ፣ ዝቅ፣ ቁርጥ። እንደገና። በመስኮት አየሁ። ስክሪኑ ላይ አግድም መስመሮች፣ ነጠብጣቦች፣ ከጎናቸው ቁጥር። ካርታ ነው? ለማን የሚላክ?
ለጎረቤቴ ለአሚና ነገርኋት። “ወላሂ፣ እትዬ፣ ይሄ ደግ ነገር አይደለም” አለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 22
ጠየቅኋት። ሳቀች። “እትዬ፣ ማሚቴ እኮ ናት!”
ማሚቴ ካሴት ላይ የዘፈነችው አምባሰል ነው። ካሴቱ ወልድያ ቀርቷል፤ ያለው ቅጂ ይሄ ብቻ። ነጠብጣቦቹ የማሚቴ ድምፆች፣ መስመሮቹ የፒያኖ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጠብጣብ አጠገቡ ወዳለው መስመር ይጎትታል። ሰላማዊት ልታጅባት ከጨመረችው የኪቦርድ ሙዚቃ ጋር እንድትገጥም።
“አሰሚኝ።”
ሰማሁ። “ጉንፋን የያዘው የባንክ ማሽን” አልኋት። አኮረፈች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 24
አላምናትም። ዋናውን ብታጠፋውስ? አጠገቧ ተቀመጥሁ። ተማሪ ቤት ሳለን የመዝሙር መምህራችን ድምፅ የሳተችን ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆም ነበር። የኔ ጆሮ አይሸወድም።
የስኬሎቹን፣ የቅኝቶቹን ማለት ነው፣ ዝርዝር ከፈተች። የፈረንጅ አለ። በፒያኖ ቁልፎች መሐል የሚያርፉ የዐረብና የሕንድም አሉ። አምባሰል የለም። “የራሳችንን እንሥራ” አለች። ከቁልፍ እስከ ቁልፍ መቶ ቦታ ተከፍሏል አሉ። እኔ ማሚቴን እሰማለሁ፣ እሷ መስመር ታንቀሳቅሳለች።
“ሁለተኛዋን ዝቅ... በዛ። መልሺ።”
“ኧረ ከማሽኑ ይብሳሉ!”
አምስቱም የቅኝቱ ድምፆች ቦታቸውን ያዙ። ስሙን “ማሚቴ” ብላ አስቀመጠችው። አሁን ወደ እሷ የሚመጣው ኪቦርዱ ነው።
ግን የትኛውን ለሰው ትሰጥ ይሆን? ማሽኑ ያቃናውን ወይስ ይሄን?

ሰኞ፣ ሐምሌ 26
አካባቢ የሚጠብቁት ወጣቶች መጡ። የአናጺው ልጅ ዓሪፍ ይመራቸዋል። “እማማ እታፈራሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ከዚህ ቤት ምልክት ይላካል ተብሏል።”
አሚና! ማለትም... እኔ።
አንዱ ስክሪኑን አየ። “ይኸው መስመሩ! ይኸው ቁጥሩ!” የሰላማዊትን ክንድ ጨበጠ። በሌላው እጇ ዘፈኑን ከፈተች። የተቃናው ወጣ።
“ይሄማ ሰውም አይደል!” አለ ልጁ።
“ዋናውን!” ብዬ ጮኽሁባት።
ማሚቴ ቤቱን ሞላችው። ዓሪፍ ቆሞ ሰማ። “የእህቴ ሰርግ ላይ... ይቺማ ማሚቴ ናት! ልቀቃት አንተ።”
ሲወጡ ሰላማዊት ክንዷን እያሸች፣ “ማን ነገራቸው?” አለች።
“እኔ። ለአሚና።”
ላፕቶፑን ከደነችው። ብትጮኽብኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 1
መኪና ተገኘ። በውርጌሳ አድርጋ ወደ ደሴ። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ዓይኔን አላየችም። ጠረጴዛው ላይ ፍላሽ ትታልኛለች። የትኛው ነው ያለበት? እኔን ለማብሸቅ የተቃናውን ትታልኝ ይሆን?

ሰኞ፣ ነሐሴ 3
መንገዱ በተፈናቃይ ተጨናንቋል። ከሰላማዊት ወሬ የለም። ዓሪፍ ፍላሽ የሚያጫውት ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ።
ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ማሚቴን ተከተላት። ሁለተኛዋ ድምፅ ልክ ነች። እኔ የምጠብቀው ግን ሌላ ነበር። የሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ማሚቴ ሁልጊዜ ከልኩ ትንሽ ዝቅ ብላ ትወድቃለች። በሕይወቷ ሳለች “ሳትሽ!” እያልሁ አስመርሬያታለሁ።
ደረሰች። ወደቀች።
ልጅቷ አላቃናቻትም።
“ከመጀመሪያው ልድገመው እማማ?” አለ ዓሪፍ።
“አይ፣ ከዚያች ቦታ ጀምርልኝ” አልሁት።